የአንበሳው መዳፍ

ተረት አለኝ፤ ጆሯችሁን ካዋሳችሁኝ ልጀምር።

በአንድ አገር ሦስት ወንድማማች ጅቦች ንጉሡን አንበሳ ገደሉና ትንሹን ልጁን ዙፋን ላይ አስቀመጡት። በዚያ አገር የአንበሳ መዳፍ ያላረፈበት ትእዛዝ አይከበርም ነበር። ስለዚህ ጅቦቹ በየማለዳው እርጥብ ጭቃ ያቀርቡለታል፤ እሱም መዳፉን ያሳርፍበታል። ጭቃው ሲደርቅ አዋጅ ይሆናል።

አንድ ቀን ትንሹ አንበሳ «ዛሬ ያዘዝኩት ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ታላቁ ጅብ እጅ ነሥቶ፣ «ጃንሆይ፣ በዚህ ምን አደከመዎት? ሥጋው ሳይቀዘቅዝ ይብሉ» አለው።

ሥጋው ደግሞ ጥሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንበሳው የሚጨነቀው የመዳፉ ምልክት አምሮ እንዲወጣ ብቻ ሆነ።

ጎፈሩ ከሸበተ በኋላ አሮጊቷ ዝሆን ልትሰናበተው መጣች። አባቱ ከሞተ በኋላ ጀርባዋ ላይ አዝላ ያሳደገችው እሷ ነበረች።

«ከአገር እንድወጣ አዘዋል። ምን አጠፋሁ ጌታዬ?» አለችው።

«እኔ አላወቅሁም» አላት።

«ጅቦቹ ጭቃውን አሳይተውኛል። ጥፍርዎ ሳይቀር አምሮ ወጥቷል» አለችና ቀስ እያለች ሄደች።

አንበሳው ሊያገሳ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሳል ነበር። ጅቦቹም «ጃንሆይን ብርድ መቷቸዋል» ብለው ኩታ ደረቡለት።

በማግስቱ ጭቃው ሲመጣ፣ ገና ሳይጠይቁት መዳፉን ዘረጋ።

ተረቴ አለቀ፤ ዳቦዬን ለዝሆኗ አድርሱልኝ።