ወድቆ የማያውቀው አውሮፕላን

በዘመኑ ልሳሳት እችላለሁ፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነበር። ጄኔራል ድልነሳሁ በወጣትነታቸው በረራ የተማሩበትን አሮጌ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ሊገዛ አንድ የውጭ አገር ሰው መጣ። የዚያ ዓይነት አውሮፕላን በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት ነው አሉ። ሰውየው፣ «ወድቆ የማያውቅ ከሆነ እጥፍ እከፍላለሁ» አለ።

ጄኔራሉ አውሮፕላኑን ዕድሜ ልኩን ሲጠግን የኖረውን መካኒክ አስጠሩና በጆሮው፣ «ወድቆ አያውቅም በል፤ አለዚያ ነገ ከሥራህ ትባረራለህ» አሉት። ከዚያ ጮክ ብለው፣ «በል እንጂ አንተ፣ ይህ አውሮፕላን ወድቆ ያውቃል?» ሲሉ ጠየቁት።

መካኒኩ ቆቡን አወለቀ። «ኧረ በጭራሽ ጌታዬ! እሱ በራሱ አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። ሁለቱንም ጊዜ የጣሉት እርስዎ ነዎት።»

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። መካኒኩ እስከዚያ ቀን አልተባረረም፤ ገዢው ግን ጄኔራሉ በሚነዱት መኪና አልሳፈርም ብሎ ከተማ ድረስ በእግሩ ሄዷል አሉ።