ሐይቁን ከሩቅ አይተው የተመለሱት መንገደኞች

ኑ፣ ቀረብ በሉና ጆሯችሁን አውሱኝ፤ እኔም ተረቴን ልስጣችሁ። ነገሩ የቆየ ነው። ድንጋይ ሲረግጡት «ቀስ በል» ይል በነበረበት፣ ወንዝ ሲሻገሩት «ወዴት ነው?» ብሎ ይጠይቅ በነበረበት ዘመን የሆነ ነው።

በዚያ ዘመን በአንድ ኮረብታ ላይ እንስሶች ይኖሩ ነበር። ከኮረብታው ሆኖ ቁልቁል የተመለከተ ሁሉ በሩቅ የሚያብለጨልጭ ሐይቅ ያያል። ሐይቁን ሁሉም ያወራለታል፤ የሄደበት ግን አልነበረም። በኮረብታውና በሐይቁ መካከል ጥልቅ ሸለቆ አለ፤ በሸለቆው ውስጥ አያ ጅቦ ይኖራል። አያ ጅቦ ቀን ይተኛል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይነሣል። ስለዚህ ወደ ሐይቁ የሚወርድ በማለዳ ወጥቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሸለቆውን መልሶ መሻገር አለበት። ደርሶ መልስ መሆን አለበት።

እዚያ ኮረብታ ላይ እመት በጊት የምትባል በግ ነበረች። አንድ ግልገል አላት። ግልገሉን እከክ ያዘው። መጀመሪያ ጆሮውን ያዘው፤ ቀጥሎ አንገቱን ያዘው፤ በመጨረሻ ጀርባውን ሁሉ ወረሰው። ጠጉሩ ረገፈ፤ ጡት መጥባትም ተወ። እሱ ድንጋይ ላይ ሲታከክ እሷ አጠገቡ ቆማ ታያለች፤ ሌላ የምታደርገው አልነበራትም።

አንድ ቀን አንዲት የዱር ዳክዬ በዚያ ስታልፍ ግልገሉን አየችና አዘነች።

«የሐይቁ ውሃ ጨው አለበት» አለቻት ለእመት በጊት። «ማታ እጠቢው፤ ጠዋት ድገሚው። እከኩ ይለቀዋል።»

እመት በጊት ከዳክዬዋ ቃል ሌላውን ሁሉ ረስታ «ይለቀዋል» የሚለውን ብቻ ይዛ ወደ አያ ዝንጀሮ ሄደች። አያ ዝንጀሮ የኮረብታው ሽማግሌ ነው። ቆዳ የተለበጠች በርጩማ አለችው፤ በእሷ ላይ ሲቀመጥ ሁሉም ይሰማዋል፤ ከእሷ ሲነሣ ግን ማንም አይሰማውም። ስለዚህ አይነሣም።

«አያ ዝንጀሮ፣ እንደምን አደሩ?»

«ደኅና ነኝ፣ እመት በጊት። ምን እግር ጣለሽ?»

«ነገ ልጄን ይዤ ወደ ሐይቅ ልወርድ ነው። ብቻዬን ፈራሁ። አብሮኝ የሚወርድ አንድ ጓደኛ ቢሰጡኝ ብዬ ነው።»

አያ ዝንጀሮ አገጩን አከከ፤ ሐይቁን አየ፤ እንደገና አገጩን አከከ።

«መልካም ሐሳብ ነው» አለ። «መልካም ስለሆነም ለአንድ ግልገል ብቻ ሊቀር አይገባም። እኔም እሄዳለሁ፤ አያ አውራ ዶሮም ይሄዳል፤ አህዪትም ትሄዳለች። ነገር ግን ሳያቅድ የሚሄድና የሚሸሽ አንድ ናቸው። ነገ እናቅድ፤ በማግስቱ እንሄዳለን።»

እመት በጊት አንድ ጓደኛ ለምና ሦስት ስላገኘች ደስ ብሏት ተመለሰች።

በመጀመሪያው ቀን ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። አያ ዝንጀሮ በበርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«ከሁሉ በፊት ጉዞው ስም ያስፈልገዋል» አለ። «እኔ ዘመቻ እንበለው ባይ ነኝ።»

«ዘመቻ ካልነው ጅቡ ጦር የመጣ ይመስለዋል» አለ አውራ ዶሮ። «ሽርሽር እንበለው።»

«ሽርሽር ካልነው ደግሞ ሥራ ፈቶች እንባላለን።»

አህዪት ሣሯን እያኘከች ሁለቱን ታያለች። ጥላው ዞረ፤ ጥላው ረዘመ። ሲመሻሽ «የደርሶ መልስ የወዳጅነት ጉዞ» እንዲባል ተወሰነ፤ አውራ ዶሮም ክንፉን አጨበጨበ።

«ነገ እንሄዳለን?» አለች እመት በጊት።

«ነገማ ቁርጥ ነው» አለ አያ ዝንጀሮ።

በሁለተኛው ቀን ግን ሌላ ጥያቄ ተነሣ፤ ማን ፊት ይሂድ?

«የምቀሰቅሳችሁ እኔ ነኝ፤ ፊት የምሄደውም እኔ ነኝ» አለ አውራ ዶሮ።

«መሪ እያለ?» አለ አያ ዝንጀሮ።

አህዪት ቀና አለችና፣ «ጅቡ ድንገት ቢነቃ የሚይዘው ፊት ያለውን ነው» አለች።

ይኼኔ አውራ ዶሮ ክብር ከኋላ መሆኑን አስታወሰ። አያ ዝንጀሮም መሪ ከኋላ ሆኖ ሁሉን እንደሚጠብቅ ተናገረ። በዚህ እስከ ቀትር ተከራከሩ።

«አንዳንድ ጅብ ደግሞ ኋላ የቀረውን ይይዛል» አለች አህዪት።

ከቀትር በኋላ ሁለቱም መሃል ለመሆን ተከራከሩ። ሲመሽ ሁለቱም መሃል እንዲሄዱ ተወሰነ፤ ፊቱ ለእመት በጊት፣ ኋላው ለአህዪት ተሰጠ። ስለ ግልገሉ የተነሣ ነገር የለም።

«ነገ እንሄዳለን?»

«ነገማ ቁርጥ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ስንቅ ሆነ ጉዳዩ። አያ ዝንጀሮ በርጩማዬ ትጫንልኝ አለ። አውራ ዶሮ አንድ ቅርጫት ማሽላ ይጫንልኝ አለ። በዚያ ላይ ውሃ የሞላ ትልቅ ቅል እንዲጨመር ታዘዘ።

«የምንሄደው ወደ ውሃ አይደለም?» አለች የምትጫነው አህዪት።

«ደርሰን ውሃ ባይኖርስ?» አለ አያ ዝንጀሮ። «ዕቅድ ማለት ይህ ነው።»

ቅሉም አፉን ከፈተና፣ «እኔስ አፍሬያለሁ» አለ። «ሐይቁን ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ። ከእኔ ይሰፋል።»

«ስትጠየቅ ተናገር» ተባለ፤ አፉም በቅጠል ተወተፈ።

በዚያ ምሽት እመት በጊት አልጠየቀችም። ግልገሉ መቆም አቅቶት ተኝቶ ነበር። አያ ዝንጀሮ ፊት መጥታ ቆመችና፣ «ብትሄዱም ባትሄዱም ነገ እሄዳለሁ» አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቃሏ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«እንዲህ ያለ ችኮላ ጉዞ ያበላሻል» አለ አያ ዝንጀሮ። ቢሆንም ብቻዋን ሄዳ ብትመለስ የእሱ ወሬ እንደሚቀር ገባውና ሲነጋ ለመሄድ ተስማማ።

ነጋ። አውራ ዶሮ ጮኸ። ሁሉም ሲሰበሰቡ አውራ ዶሮ ስለ አጯጯሁ ተናገረ፤ ቀጥሎ አያ ዝንጀሮ ስለ ጉዞው ጥቅም ተናገረ። ንግግሩ ሳያልቅ ፀሐይ ከዋርካው በላይ ሆነች።

«አያ አውራ ዶሮ፣ አንተ ታውቃታለህ፤ ጥቂት ትጠብቀን በላት» አለ አያ ዝንጀሮ።

አውራ ዶሮ አጥር ላይ ወጣና አንገቱን ሰገገ። «እመቤቴ ፀሐይ፣ አያ ዝንጀሮ ጥቂት ይቆዩን ይላሉ።»

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለች ፀሐይ።

«ልንሄድ ነው።»

«እኔ ግን እየሄድኩ ነው» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

እመት በጊት ግልገሏን በአፍንጫዋ እየገፋች ፊት ሆነች። ሁለቱ መሃል ገቡ። አህዪት ተጭና ከኋላ ተከተለች። ትንሽ እንደሄዱ አውራ ዶሮ ቁርስ ይብላ ተብሎ ቆሙ። ሌላ ትንሽ ሲሄዱ አያ ዝንጀሮ በርጩማዋን አስወርዶ አረፈ። ሸለቆው ጋ ሲደርሱ ደግሞ ማን ቀስ ብሎ መርገጥ እንዳለበት ለመነጋገር ቆሙ። ከሸለቆው ሥር የአያ ጅቦ ማንኮራፋት ይሰማ ነበር። ተሻገሩ።

ከሸለቆው ማዶ ጉብታ አለ። ጉብታው ላይ ሲወጡ ሐይቁ እግራቸው ሥር ተዘርግቶ ታየ። የውሃው ሽታ መጣ። ግልገሉ አፍንጫውን አነሣ። ፀሐይ ግን ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር።

አያ ዝንጀሮ በርጩማዋን አስወርዶ ተቀመጠባት፤ ሐይቁን አየ፤ ፀሐይዋን አየ።

«የመመለሻችን ሰዓት ደርሷል» አለ። «አሁን ካልተመለስን ሳይመሽ ሸለቆውን አናልፍም።»

«እኛ እኮ አልደረስንም» አለች እመት በጊት።

«አይተነዋል። ማየት የመድረስ ታናሽ ወንድም ነው። ጉዞው ደርሶ መልስ ነው፤ መድረሱ ቢጎድል እንኳ መልሱ መጉደል የለበትም።»

«ልጄስ?»

«ለልጅሽ ሌላ ጉዞ እናቅዳለን።»

እመት በጊት ሁለቱን አየቻቸው። ወደ ኋላ ሸለቆው አለ፤ ወደ ፊት ውሃው። ፈርታ ነበር። ግን ግልገሏን ገፋ አደረገችና ቁልቁለቱን ጀመረች።

አህዪት ትንሽ አሰበች። ከዚያ ጀርባዋን ነቀነቀች። ቅርጫቱ ወደቀ፤ ቅሉም ወደቀና ውሃው እየተንፎለፎለ ቁልቁል ፈሰሰ።

«ወዴት ነው አንቺ?» አለ አያ ዝንጀሮ።

«ኋላ እንድሄድ አልተወሰነም?» አለች። «ፊት ያለችው እሷ ናት።»

ሁለቱ እናቶች ወረዱ፤ አህዪትም በሕይወቷ ሁለት ውርንጭሎች አሳድጋለችና የልጅን ሸክም ታውቀዋለች። ቁልቁለትና ድንጋይ ሲበዛ እሷ በአንገቷ ደገፈችው። ውሃው ዳር ሲደርሱ እመት በጊት ቆመች። በግ ውሃ አይወድም። ዓይኗን ጨፍና ገባች፤ ግልገሏንም አስገባችው። ጨው ቁስሉን ሲነካው ጮኸ። እሷም አብራው አለቀሰች፤ ግን አላወጣችውም።

አጥባ ስታወጣው ፀሐይ ውሃውን ነክታ ነበር። እመት በጊት ደነገጠችና ወደ ዳገቱ ዞረች።

«ወዴት ነው?» አለ ሐይቁ።

«ልመለስ ነው፣ አባቴ። ጉዞው ደርሶ መልስ ነው።»

«ማን ነው ያለው?»

«አያ ዝንጀሮ።»

«እሱ የታለ?»

«ከጉብታው ላይ ተመለሰ።»

ሐይቁ ሳቀ፤ ማዕበሉም እስከ ዳርቻው መጣ። «እንግዲያው መልሱን እሱ ወስዶታል፤ ለአንቺ መድረሱ ቀርቶልሻል። ያቺ ሣር ያለባት ደሴት ትታይሻለች? ውሃው እስከ ጉልበትሽ ነው፤ ጅቡ ግን ውሃዬን ይፈራል። ሄደሽ እደሪ።»

እመት በጊት «ማደር» የሚባል ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ትዝ አላት። በሦስቱ ቀን ስብሰባ ማንም አላነሣውም ነበር። ከአህዪት ጋር ደሴቷ ላይ አደረችና፣ ዳክዬዋ እንዳለችው ጠዋት ግልገሏን ደግማ አጠበችው።

አያ ዝንጀሮና አውራ ዶሮስ? አህዪት ስለሌለች አያ ዝንጀሮ በርጩማዋን ራሱ ተሸከመ። አውራ ዶሮ ማሽላውን ጥዬ አልሄድም ብሎ ቅርጫቱን ጎተተ። ጎተተና ደከመው፤ ሲደክመው በላ፤ ሲበላ ሆዱ ከበደው። ሸለቆው ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ጠለቀች። አያ ጅቦ ከጉድጓዱ ወጥቶ እየተንጠራራ መንገድ ላይ ቆሟል።

«እንደምን አመሻችሁ?» አለ።

«አያ ጅቦ» አለ አያ ዝንጀሮ፣ «በዕቅዳችን መሠረት እርስዎ አሁን ተኝተዋል።»

«እኔ ዕቅድ የለኝም» አለ አያ ጅቦ። «ራብ ብቻ ነው ያለኝ።»

አውራ ዶሮ ብድግ ብሎ ዛፍ ላይ ወጣ፤ የጅራቱ ላባ ግን በአያ ጅቦ አፍ ቀረ። አያ ጅቦ ላባውን ተፋና ወደ አያ ዝንጀሮ ዞረ። አያ ዝንጀሮ ሸክሙን እንዳቀፈ ዛፉን ሊወጣ ሞከረ፤ በአንድ እጅ ዛፍ አይወጣም። ጅቡን አየ፤ በርጩማዋን አየ። ከዚያ ወረወራትና ወጣ። አያ ጅቦ ቆዳ ይወዳል። ዛፉ ሥር ተቀምጦ ያቺን በርጩማ ቆዳዋንም እግሯንም ኮረሻሸማት፤ አያ ዝንጀሮ ከላይ ሆኖ እያንዳንዱን ኩርሽምታ ሰማ።

ሲነጋ ጅቡ ተኛ፤ እነሱም ወርደው ኮረብታው ላይ ገቡና ሳያርፉ ስብሰባ ጠሩ።

«ጉዞው ተሳክቷል» አለ አያ ዝንጀሮ ድንጋይ ላይ ቆሞ። «ሐይቁን አይተናል። ከአያ ጅቦም ጋር ተወያይተናል።»

«ውሃው እንዴት ነው?» አለ አንዱ ወይፈን።

«ሰፊ ነው።»

«ይቀዘቅዛል?»

«ሲያዩት ይቀዘቅዛል።»

አውራ ዶሮ ላባ የጎደለበትን ጅራቱን ወደ ዋርካው ግንድ አዙሮ ተቀምጧል።

ስብሰባው ገና ሳያልቅ፣ ከቀትር በኋላ፣ እመት በጊትና አህዪት ዳገቱን ወጥተው መጡ። በመካከላቸው ግልገሉ ነበር። እከኩ ደርቆ እየተቀረፈ፣ ከሥሩ ንጹሕ ቆዳ ብቅ ብሏል። ያ መቆም ያቃተው ግልገል ሰብሳቢውን በሁለት እግሮቹ መካከል ሾልኮ አለፈው።

«እመት በጊት» አለ አያ ዝንጀሮ፣ «ደርሶ መልስ ተብሎ ሳለ አድረሻል። ይህ ውሳኔ መጣስ ነው።»

«አዎ፣ አድሬያለሁ» አለች እመት በጊት። ግልገሉ ጡት ሊጠባ ተንበርክኮ ስለነበር እግሯን ዘርጋ አድርጋ ቆመችለት፤ ዓይኗንም ጨፈነች።

ከስብሰባው ዳር አንዲት ፍየል ነበረች፤ ልጇ እንደዚያው እከክ ይዞታል። አያ ዝንጀሮ የሚቀጥለውን ጉዞ ስም ሲያስመርጥ እሷ ቀስ ብላ ወደ እመት በጊት ተጠጋች።

«እህቴ፣ እኔም ልወርድ ነበር» አለቻት በሹክሹክታ። «ምን ምን ልያዝ?»

«ልጅሽን ያዢ» አለች እመት በጊት።

ፍየሏም ልጇን ይዛ ወረደች።

ተረቴ ይኸው ነው፤ የሰማ ለልጁ ይንገር፤ የተኛም ካለ አትቀስቅሱት። አባቶች እንደሚሉት፣ መንገድ ለተነሣ ያጥራል፤ ለተሰበሰበ ይረዝማል።