አውሎን ሊሸኝ የወረደው አህያ

ተረት ተረት! በሉ «የአሣ በረት» በሉኝ እንጂ። የላሙን በረትማ ውሃ ወስዶታል፤ የማወራችሁም እሱን ነው።

ድሮ ድሮ፣ የአህያ ጆሮ ደመና እየነካ ዝናብ ያንጠባጥብ በነበረ ጊዜ፣ በጨው ባሕር ዳር ሦስት ጎረቤታሞች ይኖሩ ነበር። እማማ ኤሊ፣ እመት ዶሮና አያ አህዮ። ኤሊ ዕድሜዋ ሦስት መቶ ነው፤ ስትቆጣ ደግሞ አራት መቶ። አህዮ ይሉኝታ ራሱ አራት እግር አውጥቶ የሚሄድ ነው። ዝንብ ጀርባው ላይ አርፋ ስትነሣ እንኳ «ምነው፣ ምን ቀምሰሽ ነው የምትሄጅው?» እያለ እስከ ወንዙ ይሸኛት ነበር። ዶሮ ደግሞ አሸዋው ላይ፣ በተገለበጠ ታንኳ ሥር፣ ሰባት እንቁላል ታቅፋለች። የበፊቶቹን እባብ በልቶባታል፤ የቀሯት እነዚህ ብቻ ናቸው። ሊፈለፈሉም አንድ ቀን ቀርቷቸዋል።

አንድ ጠዋት ነፋስ ሳይኖር ባሕሩ ያብጥ ጀመር። ኤሊ አንገቷን አወጣች።

«እመት ዶሮ፣ ተነሺ! አውሎ ሊመጣ ነው፤ ኮረብታው ላይ እንውጣ።»

«ልጆቼ ነገ ይፈለፈላሉ። ነገ እወጣለሁ።»

ትንሽ ቆይቶ የባሕር ወፎች ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ወደ ደጋ በረሩ።

«እመት ዶሮ፣ ተነሺ!»

«ወፍማ ምን አላት? እኔ ባለቤት ነኝ።»

በሦስተኛው ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። ታንኳው ከላይ ሆኖ ሳቀ። «ምን ያስፈራሻል? ጣሪያሽ እኔ አለሁ! ነፋስ ቢበዛ እፍ ቢል ነው!»

«የሚፈጀን እሱ እፍታው ነው» አለች ኤሊ። «አንተ አህዮ፣ ጠላ ስትጠጣ ግርዱን እፍ ስትል ምን ይሆናል?»

አህዮ አሰበ። «ጠላው ወዲያ ማዶ ሄዶ ጎረቤቴ ጭን ላይ ይፈሳል። ከዚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«በቃ! አውሎም ባሕሩን እፍ ይለዋል። ውሃው ተገፍቶ ተገፍቶ የሚፈስበት ጭን ደግሞ ይሄ የተቀመጥንበት አሸዋ ነው። ነፋስ ክዳን ይነቅላል፤ ጠራርጎ የሚወስደን ግን ውሃው ነው።»

ዶሮ አሸዋውን አየች። እንቁላሎቿን አየች። «አያ አህዮ፣ ቅርጫት!»

አህዮ ታንኳውን በረጅም ገመድ ከኮረብታው ሥር ካለ ግንድ ጋር አሰረው። እንቁላሎቹን በጭድ ሸፍኖ ተሸከመ። ኤሊ ቅርጫቱ ላይ ተቀምጣ እስከ ላይ ድረስ «ፍጠን፣ አንተ ቀርፋፋ!» ትለው ነበር።

አውሎ መጣ። ከየብስ ወደ ባሕር ነፈሰ። የፍየል ቀንድ ነቅሎ ለበግ ሰጠ። የዶሮን ላባ ሁሉ ወደ ራሷ ሰበሰበው፤ ጉትያ ያበቀለችው ያን ቀን ነው። ባሕሩ ራሱ ፈርቶ ወደ ኋላ ሸሸ።

ቀትር ላይ ጭጭ አለ። ፀሐይ ወጣች።

አህዮ ብድግ አለ። «ሄደ! ኧረ ሳንሸኘው ሄደ!»

«ማን?»

«እንግዳው ነዋ! ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ፣ እስከ በር እንኳ ሳንሸኘው! ምን ይለናል?»

«እኔም እንቁላሎቼ ሳይበርዱ ጎጆዬ ልውረድ» አለች ዶሮ።

«ማንም አይወርድም!» አለች ኤሊ። «አውሎ እንደ እንዝርት ይሾራል፤ መሐሉ ጸጥ ያለ ነው። አሁን ያለነው መሐሉ ላይ፣ ዓይኑ ውስጥ ነው። ቀሪው ግማሽ ዞሮ ይመጣል፤ ያን የሸሸውን ውሃ እየነዳ!»

«ዓይን አለው?» አለ አህዮ ደንግጦ። «እንግዲያ ቁጭ ማለታችንን አይቷላ! ወይ ውርደት!» ቁልቁል በረረ።

«ዓይን?» ጮኸች ዶሮ። «ዓይን ነው ያልሽው? ልጆቼን በዓይኑ ሊበላብኝ? ሞቼ ነው ከላያቸው የምነሣው!» ክንፏን ዘርግታ ተደፋችባቸው።

ኤሊ ልታርማት አፏን ከፈተች። አሰበችና መልሳ ዘጋችው።

አህዮ አሸዋው ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። «ጋሼ አውሎ፣ ምነው፣ ምን ቀምሰው ነው የሚሄዱት?»

አውሎ ከማዶ ዞረ። ባሕሩ ከፊቱ ግድግዳ ሆኖ ቆመ። «እንዲህ ከለመንከኝማ፣ እቀምሳለሁ!»

ጎጆውን ቀመሰ። በረቱን ቀመሰ። የአህዮን ጆሮ ቀመሰ፤ የተረፈችው ዛሬ የምታዩዋት ናት። አህዮ የታንኳውን ገመድ በጥርሱ ነከሰ። ታንኳው «እናቴን!» እያለ፣ አህዮ በአፍንጫው ውሃ እየጠጣ፣ ሁለቱም ግንዱን ዞሩት።

በማግሥቱ ጠዋት ውሃው ሸሸ። ወፎቹ ሲመለሱ ኤሊ «አሁን ሄደ» አለች። አህዮ እየተንገዳገደ ኮረብታውን ወጣ።

«እህ፣ ሸኘኸው?»

«ኧረ እሱ ነው የሸኘኝ!» አለ አህዮ ከጆሮው አሣ እያራገፈ። «ያውም እስከ ግንዱ!»

ያን ጊዜ ከዶሮ ሥር ቀጭ አለ። አንድ ጫጩት ወጣ፤ ሁለት ወጣ፤ ሰባቱም ወጡ። አህዮም «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብሎ እጅ ነሣ፤ ይሉኝታውን ባሕር አልወሰደለትማ።

እናም ወገኖቼ፣ አውሎ ዝም ቢል ሄደ አይባል፤ ትንፋሹን እየሳበ ነው። ተረቴን የሰማ ኮረብታ ይውጣ፤ ያልሰማ ዋና ይልመድ።