ዶሮና ጅግራ የተሟገቱበት እንቅብ

ይህን ተረት ያቀበለችኝ ከአጥር ማዶ የምትኖረው እትዬ አበቅየለሽ ናት። ለእሷ አክስቷ ነገረቻት፤ ለአክስቷ ማን እንደነገራት ግን አክስቷም አላስታወሰችም። እትዬ አበቅየለሽ ስታወራ ትጨምራለች የሚሉ አሉ። ይሄኛውን እኔ እንደሰማሁት ነው የምሰጣችሁ። እናንተ ጆሮ ስጡኝ፣ እኔ ዶሮ እሰጣችኋለሁ።

ድሮ ነው። እንስሳ ሁሉ በአፉ የሚናገርበት፣ አጥርና እንቅብ ሳይቀሩ ሐሜት የሚያውቁበት ዘመን ነው። አንዲት ዶሮ ነበረች። ይቺ ዶሮ በዕድሜዋ አንድ ቀን ፈልፍላ አታውቅም። የባለቤቷ እጅ እንቁላል ባየ ቁጥር ወደ ድስት ይወስዳላ። የጎረቤት ዶሮዎች ጫጩቶቻቸውን አስከትለው በፊቷ ሲያልፉ፣ መሬት የምትጭር መስላ አንገቷን ትደፋለች።

"ዘንድሮስ ሳልፈለፍል አልቀርም" አለች።

ከአጥሩ ጀርባ ታቹ የተቀደደ አሮጌ እንቅብ ተጥሎ ነበር። ጠዋት ጠዋት እየተደበቀች እዚያ ትጥላለች። ጥላም ዝም ትላለች። ዶሮ ጥላ ዝም ስትል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይቺ ቻለችው። እንቁላሉም ተጠራቀመ።

አንድ ቀን መታቀፍ ልጀምር ብላ ብትመጣ፣ እንቅቡ ውስጥ ጅግራ ተመቻችታ ተቀምጣለች።

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አለች ዶሮ።

"እንቁላሌን ታቅፌያለሁ። አንቺስ ምን ትሠሪያለሽ?"

"የማንን እንቁላል?"

"የጣልኩትን ነዋ።"

"የጣልኩት እኔ ነኝ።"

"እኔም ጥያለሁ።"

እውነቱን ለመናገር ሁለቱም ጥለዋል። ዶሮዋ ጠዋት ጥላ ስትሄድ፣ ጅግራዋ ከሰዓት ከዱር መጥታ ትጥላለች። እንቁላሉ ደግሞ አቧራ ለብሶ ሁሉም አንድ መልክ ሆኗል። የቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

እንቅቡ ተናገረ። "እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አንዷ ቀን ትታቀፍ፣ አንዷ ማታ። ሲፈለፈል ጫጩቱ ራሱ እናቱን ይለያል። ዋናው እንዳይበርድ ነው።"

ጅግራ ትንሽ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀች። እሺ ማለቷ ነበር። ዶሮ ግን ቀና ብላ አጥሩን አየችው። አጥሩ እሾኩን ሁሉ ቀስሮ ያዳምጣል። ነገ ሰፈሩ ምን እንደሚል ታያት፤ ያቺ ዶሮ ከዱር ከመጣች ጋር ተጋርታ ታቀፈች ሊባል ነው።

"የቤት ልጅ ሆኜ ከዱር አዳሪ ጋር በፈረቃ ልታቀፍ?" አለች።

"ዱር ባድርም፣ እንደ አንቺ ለድስት እየተቀለብኩ አላድርም" አለች ጅግራ።

"ምን አልሽ?"

"የሰማሽውን።"

ተያያዙ። ላባ በላባ ሆኑ።

"ኧረ እናንተ፣ ምን ያነታርካችኋል?" አለ አጥሩ።

"ማን ተነታረከ?" አለች ዶሮ፣ አፏ የጅግራ ላባ እንደሞላው። "እየተነጋገርን ነው።"

በዚያ ዘመን ሁለት የተጣሉ እንደሆነ ያገኙትን መንገደኛ "ዳኘን" ብለው ያቆሙታል። መንገደኛውም እምቢ አይልም፣ ነውር ነው። ዶሮ መንገድ ወጥታ "በሕግ አምላክ" አለች። ያለፈው መንገደኛ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ሽለምጥማጥ።

"ይሄማ በላተኛ ነው" አለች ጅግራ ወደ ኋላ እያለች።

ዶሮም ታውቃለች። እናቷን የበላት የእሱ አጎት ነው ይባላል። ግን ከእሱ ይልቅ ጅግራ ጠላቷ ሆናለች። "በላተኛ ቢሆንም ነገር ያውቃል" አለች።

ሽለምጥማጥ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ከአጥሩ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጠ። ዓይኑን እንቅቡ ላይ ጣል አድርጎ አነሳው።

"መጀመሪያ የነገሩ ስም ይታወቅ" አለ። "ስሙ ያልታወቀ ነገር አይዳኝም። ይሄ ጭቅጭቅ ነው?"

"ነው መሰለኝ" አለች ጅግራ።

"ጭቅጭቅ ከሆነ ዳኛ አይቀመጥለትም። ጭቅጭቅ የባልና የሚስት ነው፣ የምራትና የአማት ነው። ጮኻችሁ ጮኻችሁ ሲወጣላችሁ ትተዉታላችሁ። ለዳኛም ምንም አይከፈልበትም። ሂዱ፣ ግቡ።"

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? እንቁላሉ ገና ሙቅ ነው። ዶሮ ግን አንገቷን አስግጋ "ጌታው፣ እኔ ጨቅጫቃ አይደለሁም። የእኔ ጉዳይ ጭቅጭቅ አይባልም" አለች።

"ምን ይባልልሽ?"

"ከዚያ የተሻለ ምን አለ?"

"ክርክር አለ" አለ ሽለምጥማጥ፣ ሸማ ሻጭ ደህናውን ከሥር መዞ እንደሚያወጣ። "ክርክር የተከበረ ነው። አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል። ግን ክርክር እሰጥ አለው። ብሸነፍ ይህን እሰጥ ብሎ ለዳኛ ያልተወራረደ፣ ተከራከረ አይባልም።"

"እንቁላል እሰጥ" አለች ዶሮ ሳታስብ።

"እኔም እንቁላል እሰጥ" አለች ጅግራ፣ ላለማነስ።

ተከራከሩ። ዶሮ የእኔ እንቁላል ሞላላ ነው አለች። ጅግራ የእኔ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው አለች። ሽለምጥማጥ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና "በዚህ ጅግራ ተሸንፋለች" አለ። ከእንቅቡ አንዱን አንስቶ እዚያው ዋጠና ጺሙን ጠረገ።

ዶሮ ደስ አላት። የተዋጠው የራሷ ይሁን የጅግራ አላወቀችም። ብቻ ጅግራ ተሸንፋለች።

"እየቀዘቀዘ ነው" አለ እንቅቡ ቀስ ብሎ። "ማንም ትሁን ማን፣ አንዳችሁ ተቀመጡበት።"

"እሷ ከምትቀመጥበት ይቀዝቅዝ" አለች ዶሮ።

ጅግራ ደግሞ "አልተሸነፍኩም፣ ይግባኝ" አለች።

"ይግባኝ ካላችሁማ ክርክርነቱ ቀርቷል፣ ሙግት ሆኗል" አለ ሽለምጥማጥ። "ሙግት ከክርክር ይከብዳል። ምስክር አለው፣ ቁራኛ አለው፣ እሰጡም እጥፍ ነው።"

"ሙግት" አለች ዶሮ ቃሉን እያጣጣመች። "አዎ፣ ሙግት ነው።"

ቁራኛ ማለት ነገሩ እስኪያልቅ ከሳሽና ተከሳሽ አብረው ሲታሰሩ ነው። ሽለምጥማጥ ልጥ አምጥቶ የዶሮን እግር ከጅግራ እግር ጋር ጥፍር አድርጎ አሰረው። ከዚያ ወዲያ አንዷ ወደ እንቅቡ ስትራመድ ሌላዋ ወደ ኋላ ትጎትታለች። አንዷ ውሃ ሲጠማት ሌላዋ አይጠማትም። አጥሩ "እዩልኝ ፍቅራቸውን፣ አይለያዩም እኮ" እያለ ላላፊ አግዳሚው ያሳያል።

ምስክር ይቅረብ ተባለ። የቀረበው አጥሩ ነው።

"ማን ስትጥል አየህ?" አለው ሽለምጥማጥ።

"እንደ መጣሉስ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለምቆም አላየሁም። የሰማሁትን ግን ልናገር" አለ አጥሩ። ዶሮ ከየትኛው አውራ ዶሮ ጋር እንደታየች ተናገረ። ጅግራ ከመንጋዋ ለምን እንደተለየች ተናገረ። የቀረው ጎረቤትም አልተረፈም። ስለ እንቁላሉ አንድ ቃል አልወጣውም።

"በቂ ምስክርነት ነው" አለ ሽለምጥማጥ። "በዚህ ደግሞ ዶሮ ተሸንፋለች።" እጥፉን ዋጠ፤ ትንሽ አገሳ።

ዶሮ ደሟ ፈላ። ዘላ ጅግራን አናቷ ላይ ነከሰቻት። ጅግራም አልማረቻትም። እግራቸው አንድ ላይ እንደታሰረ አቧራው ላይ ተንከባለሉ። ሽለምጥማጥ ለመገላገል አልተነሳም፤ ጥርሱን በስንጥር እየነካካ ጠበቃቸው።

"ይሄ ከሙግትም አለፈ" አለ ሲደክማቸው። "ይሄ ትንቅንቅ ነው። ትንቅንቅ የማንም አይደለም፤ የአንበሳና የነብር ነው።"

ዶሮ ከነደሟ ደረቷን ነፋች። በዘሯ ትንቅንቅ የተባለላት የለችም። "ትንቅንቅ ነው" አለች።

"እሰጡስ?"

"የቀረው ሁሉ።"

ጅግራ ወደ እንቅቡ አየች፣ ወደ ሽለምጥማጥ ሆድ አየች። "ለእኔ ጭቅጭቅ ይባልልኝ" አለች። "ፍቱኝ፣ ልሂድበት።"

"ጅግራ ለቃለች፣ ዶሮ ረትታለች" አለ ሽለምጥማጥ። ልጡን ፈታ። ጅግራ ወደ ዱሯ በረረች። እሱም የተሸናፊዋን እሰጥ ሊቀበል ወደ እንቅቡ ጎንበስ አለ። ሲጨርስ አንዲት እንቁላል አስቀረ። "ዳኛ ሁሉን ጠርጎ አይበላም፣ ነውር ነው" አለና ጋቢውን አራግፎ ሄደ።

ዶሮ በአንዷ እንቁላል ላይ ተቀመጠች። እንቁላሏ እንደ ወንዝ ድንጋይ ትቀዘቅዛለች።

"እመት ዶሮ፣ ይቺ እኮ አብቅቶላታል" አለ እንቅቡ።

"ዝም በል። ረትቼባታለሁ" አለች ዶሮ።

የጎረቤት ዶሮዎች ጫጩቶቻቸውን አስከትለው እንኳን ደስ ያለሽ ሊሏት መጡ። እሷም ስለ ትንቅንቁ አወራችላቸው። ቀን መጣ፣ ቀን ሄደ፣ እሷ አልተነሳችም። ከተነሳች ሰው ያያል። በኋላ ግን የማይደበቅ ነገር መጣ፤ ሽታው። ዶሮዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አጥሩ እንኳን፣ ያ ሁሉን የሚችለው አጥር፣ ወደ ማዶ ዘመም አለ።

"ምንድን ነው የሚሸተው?" አለች አንዷ።

ዶሮ ከእንቁላሏ ላይ ብድግ አለች። ላባዋን አራገፈች፣ ዞር ብላ አየቻት።

"ይቺማ የጅግራ ናት" አለች።

ሽለምጥማጥ ዋርካው ሥር ወፍሮ ተቀምጧል። ጅግራ ከወንዝ ማዶ ሌላ ጣለች፤ የት እንደጣለች ለማንም ሳትናገር ፈለፈለች። እንቅቡን ባለቤትየዋ እሳት አያያዘችበት። አጥሩ ያወራል። ዶሮ ተመልሳ ቤት ውስጥ መጣል ጀመረች፤ የጣለችውም ወደ ድስት ሄደ።