የደብረ ብርሃኑ ባሕርና አንዲት ፊሽካ

በአንድ ወቅት፣ ከባሕር ይልቅ ለደመና በሚቀርበው በደብረ ብርሃን፣ አቶ ዘለቀ የሚባሉ ጡረተኛ መርከበኛ ነበሩ። ባሕሩን ከተለዩ ብዙ ዘመን ቢያልፍም፣ ወለሉ ድንገት ያዘነብል ይመስል ያኔም እግራቸውን ፈርከክ አድርገው ነበር የሚራመዱት። ከመርከቡ የቀረቻቸው አንዲት የነሐስ ፊሽካ ብቻ ናት። ሦስት ልጆቻቸውን ለምሳ የጠሩትም፣ ሲጣሉ የገላገሉትም በእሷ ነው።

አንድ ቀን የጥንት ባልደረባቸው ከጅቡቲ አንዲት ኮራል ላከላቸው፤ ድንጋይ ላይ ተጣብቃ እንደ አበባ ጣቶቿን የምትዘረጋ የባሕር እንስሳ። አቶ ዘለቀ የመስታወት ገንዳ አሠሩ፤ በዚያ ብርድ ማሞቂያም አልረሱም። ለውሃው ግን ከገበያ የአፋር ጨው ገዝተው አሟሙ። ያ በረሃ ራሱ ድሮ ባሕር አልነበረም እንዴ?

ኮራሏ ጣቶቿን ሰብስባ ገረጣች። አቶ ዘለቀ ባሕር ለሁለተኛ ጊዜ ሊለያቸው መሆኑ ገባቸው። ልጆቻቸውን ጠርተው፣ «ጣቶቿን መልሶ ያስዘረጋት ፊሽካዬን ይወስዳል» አሉ።

መድኃኒት ቤት የምትሠራው የበኩር ልጃቸው ስንዱ ውሃውን ቀምሳ ተፋች። «አባዬ፣ ይሄ እኮ ወጥ ነው፤ ሥጋው ብቻ ነው የቀረው።» ሳታስፈቅድ ሁሉንም ደፋች። ለዚሁ ተብሎ የተቀመመ የባሕር ጨውና የጨው መለኪያ አመጣች፤ እንደ መድኃኒት አስተካክላ በጠበጠች። አባቷ ቅር አላቸው። ኮራሏ መገርጣቷን ተወች፤ አልተከፈተችም ግን።

መካከለኛው ልጅ ታምሩ ለሠርግ ድንኳን መብራት ያከራያል። ሰማያዊ መብራት ይዞ ሲገባ ስንዱ፣ «ሚዜዎቹስ?» አለችው።

«ሳቂ። ይቺ የምትኖረው በብርሃን ነው፤ በዚህ ጨለማ ቤት ጦም አሳደራችኋት።»

መብራቱን ከገንዳው በላይ ሰቀለ። ኮራሏ ቀለሟ ተመለሰ፤ አንዲት ጣትም ብቅ አደረገች። አቶ ዘለቀ በዚያ ሰማያዊ ብርሃን ሥር ተቀምጠው ማሸለብ ለመዱ።

የመጨረሻው ጥጋቡ ቃል የሚቆጥብ ልጅ ነው። ከገበያው የውሃ ፓምፖች ሁሉ ትንሿን መርጦ ገንዳው ውስጥ አስገባ፤ ውሃውን ቀስ አድርጋ የምታወዛውዝ፣ ባትሪ ያላት።

«ሻይ ማማሰያ ነው?» አለ ታምሩ።

«መብራት ይጠፋል» አለ ጥጋቡ።

ነሐሴ ላይ በረዶ ወረደና መብራት ጠፋ። ሰማያዊው ብርሃን ሞተ፤ ማሞቂያውም በረደ። አቶ ዘለቀ ጋቢያቸውን አውልቀው ገንዳውን እንደ ሕፃን ጠቀለሉት፤ ለዓይናቸው ብቻ ቀዳዳ ተዉ። ውስጥ ትንሿ ፓምፕ ታንጎራጉራለች፤ ውሃው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ወንበራቸውም አብሮ መሄድና መመለስ ጀመረ። ግድግዳው ራቀ፤ በረዶው የመርከብ ወለል ላይ የሚወርድ መሰላቸው፤ ከንፈራቸውን ሲልሱ ጨው ጨው አላቸው። ከየትኛው ወደብ እንደተነሡ ለማስታወስ አልሞከሩም።

በማግሥቱ መብራት መጣ፤ ልጆቹም ተሰበሰቡ። ጋቢውን ሲገልጡ ኮራሏ ጣቶቿን ሁሉ ዘርግታ ትወዛወዛለች።

«እኔ ያንን ወጥ ባልደፋ፣ ሬሳ ላይ ነበር የምታበራው» አለች ስንዱ።

«እኔ ብርሃን ባላበላት፣ በንጹሕ ውሃሽ ውስጥ በረሃብ ትሞት ነበር» አለ ታምሩ።

ጥጋቡ ፓምፗን እያየ፣ «ይቺ ባትኖር፣ ትናንት የሁለታችሁም ባሕር ይቆም ነበር» አለ።

አቶ ዘለቀ ፊሽካዋን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ፤ አልነፉም። ቢነፉ ሦስቱም እንደ ልጅነታቸው ተሰልፈው ይቆሙ ነበር፤ እሳቸው ደግሞ የሚፈልጉት ከሰልፉ አንዱን ነው።

እንግዲህ ፊሽካ እንደ ዳቦ አይቆረስም። የአባቷን ስሕተት ፊታቸው ለደፋችው ነው የምትገባው፣ የተራበችውን ላበላው፣ ወይስ ሁሉ ሲቆም ባሕሩን ላላቆመው? በአቶ ዘለቀ ወንበር ላይ ብትቀመጡ፣ እናንተ ለማን ትሰጡ ነበር?