ለሁሉም አንድ ጥያቄ

አንድ ሰው ነበረ፤ የመሬት መዝገብ ጸሐፊ። ቆይ አታቋርጠኝ ዘርይሁን! «ጋሼ፣ ሁሉንም እኩል ነው የማስተናግደው፤ ታዲያ ሴቶቹ ለምን አዳላብን ይሉኛል?» ብለህ አልጠየቅከኝም? የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ከሆንክ ሦስት ወር ሳይሞላህ ሆድ ባሰህ። እኔ በቢሮ ሥራ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። መልሱን በአንድ ቃል የሚነግርህ ካለ ሂድና እሱን ጠይቅ፤ እኔ የማውቀው የዚህን ሰው ነገር ነው።

ጸሐፊው ጉቦ አይበላም። ለዘመድ አያደላም። ሀብታምም መጣ ድሀ፣ ጥያቄው አንድ ነው፤ «የባለመሬቱ ስም ከነአባቱ!» ይላል ጮክ ብሎ፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት። የመለሰ ይጻፋል፣ ያልመለሰ ይወጣል።

አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት መጣች። ልጅ የላትም፤ ያላት ባሏ የተወላት ማሳ ብቻ ነው። በዚያ አገር ደግሞ ምራት የባሏን አባት ስም በአፏ አትጠራም፣ ነውር ነው። ስሙ ሲያስፈልግ አብራት የመጣች ጎረቤት ትጠራላታለች። እሷ ግን የመጣችው ብቻዋን ነበር። ማሳውን የባሏ ወንድም ይፈልገዋል፤ ለመንደሩ በሬ የሚያውሰው እሱ ነውና ከእሷ ጋር ለመታየት የደፈረ አልነበረም።

«የባልሽ ስም ከነአባቱ!» አላት።

የባሏን ስም ተናገረች።

«አባቱስ?»

ዝም።

«አባቱስ አልኩሽ! ... ቀጥሎ!»

በሳምንቱ ተመለሰች፤ እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው፣ መዝገቡ በሚዘጋበት ቀን፣ በሰዉ መሀል ዞር ዞር ብላ የሚጠራላት ሰው ፈለገች። የሚያውቋት ሁሉ ፊታቸውን አዞሩ። ወጥታ ደጅ ካለው ግንድ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ያ ምላሱ ጤፍ የሚቆላ የባሏ ወንድም ገባና እስከ ቅድመ አያቱ ቆጠረ፤ ማሳው በእሱ ስም ሲጻፍ እዚያው ሆና ሰማች። ጸሐፊውን እንቅልፍ አልነሳውም። ምን አጠፋሁ ይበል?

አንድ እሑድ ግን ቤቱ ምሳ እየበላ ሳለ መንገደኛ ከደጅ «ይህ የነማን ቤት ነው?» ብሎ ሚስቱን ጠየቃት። የባሏን ስም ነገረችው። «የማን ልጅ?» አለ መንገደኛው።  ሚስቱ አብራት ወደ ቆመችው ጎረቤቷ ዞር ብላ «እባክሽ ንገሪልኝ» አለቻት። ጸሐፊው ያነሳውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። ወይ ነዶ! ይህን ልማድ እኮ ከእናቱ ጓዳ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ቢሮ ሲገባ ነው የረሳው።

ሲነጋ ወደ ሴትዮዋ ሄደ። ማሳው እስከ ደጇ ድረስ ታርሷል፣ ቤቷ ተዘግቷል። ጎረቤቶቿን ጠየቀ። ሄዳለች አሉት። ወዴት? የሚያውቅ የለም፤ የሸኛት ሰው አልነበረማ። ይቅርታ የሚለው ሰው አጥቶ እዚያው ደጇ ላይ ቆሞ ቀረ።

እንግዲህ ልጄ፣ ይህ ሰው እንዳንተው ሁሉንም እኩል ያስተናገደ መስሎት ነበር። ለወንዱ ቀላል የሆነው ጥያቄ ለእሷ ግድግዳ ነበር። ያንተም መስኮት እንደዚያ ነው፤ ማዳበሪያ የሚጠይቀውም፣ ባሏ የደበደባትም በዚያው ይቆማሉ። ባለፈው ማክሰኞ የጡረታዬን ጉዳይ ይዤ ወረፋ ላይ ነበርኩ። ከፊቴ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት ነበረች። «ጉዳይሽ ምንድን ነው? ጮክ በይ እንጂ!» አልካት፣ ሃያ ወንድ እየሰማ። «ተሳስቼ ነው የመጣሁት» ብላ ወጣች። የሚከተለውን ጠራህ። የሚከተለው እኔ ነበርኩ። እኔም ወረፋዬ ቶሎ ስለ ደረሰ ደስ ብሎኝ ወደ መስኮቱ ቀረብኩ።

«የቢሮዬ በር ለሁሉም ክፍት ነው» አትበለኝ! ከነገ ጀምሮ ከወረፋው ራቅ ያለ ክፍል አዘጋጅ፣ ሴት ሠራተኛም መድብበት። ዛሬ ግን ተነስ፤ ሰው እየጠየቅን ያቺን የማክሰኞዋን ሴት እንፈልጋት። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ ያን ቀን ዝም ብያለሁና።