የአንጓች በርሜል ውታፍ

ጆሮ ያለው ያቅና፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ። ተረቷ ረጅም አይደለችም፤ ግን እየተቀጣጠለች ትሄዳለችና መሀል ላይ የጣላት ሰው ከመጀመሪያው እንዲያነሣት ይገደዳል።

ጠጇ ከውሃዋ ይልቅ ስም ባወጣላት አንዲት መንደር ወይዘሮ አንጓች የምትባል ጠጅ ጣይ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ጠጅ ቤቱን የያዘችው እሷው ናት። መሀል ቤቱ ላይ ከዋንዛ የተሠራ ትልቅ በርሜል ቆሟል። ከበርሜሉ ግርጌ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳውን ጨርቅ የተጠመጠመበት የእንጨት ውታፍ ይዘጋዋል። ውታፉ ሲነቀል ጠጅ ይወርዳል፤ ሲመለስ ጠጅ ይተኛል። አንጓች ከልጇ ከስመኝ ቀጥላ የምትወደው ያንን በርሜል ነበር። አንዳንዶች እንዲያውም “ከልጇም አስበልጣ ነው” ይላሉ፤ እኔ ግን ሐሜት አልወድም።

ስመኝ የምትዳርበት ቀን ደረሰ። አንጓች በዕድሜዋ ከጣለችው ጠጅ ሁሉ የሚበልጠውን ለዚህ ቀን ጥላለች። ሙሽራው በበቅሎ መጣ፤ ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ግቢውን ሞሉት፤ ስመኝም ተሸልማ ብድግ አለች። የበሩ ደፍ ላይ ስትደርስ ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

“አባባ ሳይመርቁኝ ይህን ደፍ አልሻገርም” አለች።

አባባ የአንጓች አባት ናቸው፤ አባባ እንየው። ጥግ ካለው መደብ ላይ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “መመረቁንስ እመርቃለሁ። ግን በደረቅ ጉሮሮ የወጣ ምርቃት መንገድ ላይ ይቀራል። አንጓች፣ እስቲ አንድ ብርሌ ቅጂልኝ። ካንቺ እጅ ካልሆነ ደግሞ የማንንም ጠጅ አልቀምስም፤ ብቻ እንዳትለምኚኝ።”

ነገሩን ሁሉ ያመጣችው እንግዲህ ይህች ናት፤ አንድ ብርሌ ጠጅ።

አንጓች ብርሌዋን ይዛ ወደ በርሜሉ ሄደች። እግሯ ጭቃ ረገጠ። ዝቅ ብላ ብታይ ወለሉ ርሷል፤ ቀና ብላ ብታይ ውታፉ ተነቅሎ በርሜሉ አናት ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። በርሜሉን በመዳፏ መታችው፤ ባዶ ነው።

“አይጥ ውታፍ ነቅላ አናት ላይ አታስቀምጥም! ይሄ የሰው እጅ ነው!” ብላ ጮኸች። ማን እንደሆነ ግን ያየ የለም። ጠጁን ምድር ጠጥታዋለች፤ ምድር ደግሞ ምስክርነት አትቆምም። አንጓች ጭቃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለጠጁ ብቻ አይደለም፤ ክፉ የሚያስብላት ሰው ቤቷ ድረስ መግባቱ አንጀቷን አቃጠላት።

አልቅሳ ሲወጣላት በርሜሉን ለመነችው። “በርሜሌ ሆይ፣ ጠጅ ስጠኝ። ጠጁን ላባቴ ልስጥ፤ አባቴ ልጄን ይመርቅ፤ ልጄ ደፉን ትሻገር።”

“ሆዴን ገልብጠውት ጠጅ ከየት ላምጣ? ማር ካልሰጠሽኝ ጠጅ አልሰጥሽም” አላት በርሜሉ።

ማሩ ሁሉ በርሜሉ ውስጥ ገብቶ አልቋል። አንጓች ጓሮ ወዳለው ቀፎ ሄደች። “ንቦቼ ሆይ፣ ማር ስጡኝ። በርሜል ያለ ማር ጠጅ አይሰጥም፤ አባት ያለ ጠጅ አይመርቅም፤ ሙሽራ ያለ ምርቃት ደፍ አትሻገር።”

ንቦቹ እህህ አሉ። “ለሠርግ ነው ብለሽ ቀፏችንን ጠራርገሽ ስትወስጂ ‘እናንተስ ምን ትበሉ?’ አላልሽንም። አበባ ካልሰጠሽን ማር አንሰጥሽም።”

አንጓች ወደ መስኩ ወረደች። ንብ የሚወደው ማገጥ አንገቱን ደፍቶ፣ ቅጠሉን ሰብስቦ ጠበቃት። “ማገጥ ሆይ፣ አብብልኝ። ንብ ያለ አበባ ማር አይሰጥም፤ በርሜል ያለ ማር ጠጅ አይሰጥም፤ አባት ያለ ጠጅ አይመርቅም፤ ሙሽራ ያለ ምርቃት ደፍ አትሻገር።”

“እኔ ልሞት ነው፣ አንቺ የሠርግ ወሬ ታወሪልኛለሽ። ውሃ ካልሰጠሽኝ አላብብም” አላት ማገጡ።

እዚያ ላይ አንጓች ትንሽ ተናደደች። ንዴት ግን መስክ አያጠጣም። ወደ ቦዩ ወጣች። ቦዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። “ውሃ ሆይ፣ ና ፍሰስ። አበባ ያለ ውሃ አያብብም፤ ንብ ያለ አበባ ማር አይሰጥም፤ በርሜል ያለ ማር ጠጅ አይሰጥም፤ አባት ያለ ጠጅ አይመርቅም፤ ሙሽራ ያለ ምርቃት ደፍ አትሻገር።”

ውሃው ከላይ፣ ከቦዩ ራስ ሆኖ መለሰላት፦ “መቼ ጠላሁ? መንገዴ ላይ ድንጋይና ሣር ተወትፎብኝ ነው። የውሃው አባት ካልለቀቀኝ አልፈስም።”

በዚያች መንደር ውሃውን ለየማሳው በተራ የሚያከፋፍለው ሰው የውሃ አባት ይባላል። ዳኛም፣ ሽማግሌም ሲጣላ የሚታረቀው በሱ ነው። በዚያ ዘመን የውሃው አባት አያ ጫኔ ነበር፤ የአንጓች ባል ሚዜ፣ ለአንጓችም እንደ ወንድም። ከባሏ ሞት በኋላ ማር ሲመጣ የሚሸከምላት፣ በርሜሉን የሚያጥብላት፣ ጠጁ ሲደርስ ውታፉን ነቅሎ “ደርሷል” የሚላት እሱ ነበር። አንጓች ስሙን ስትሰማ “እፎይ፣ አያ ጫኔማ የራሴ ሰው ነው” አለችና ሽቅብ ሮጠች። ምስኪን!

አያ ጫኔ ቦዩ ራስ ላይ፣ ከወተፈው ድንጋይ በላይ ተቀምጧል። አይቷት እንዳላየ ሆነ።

“አያ ጫኔ፣ ውሃውን ልቀቅልኝ። ውሃ ያለ መንገድ አይፈስም፤ አበባ ያለ ውሃ አያብብም፤ ንብ ያለ አበባ ማር አይሰጥም፤ በርሜል ያለ ማር ጠጅ አይሰጥም፤ አባት ያለ ጠጅ አይመርቅም፤ ሙሽራ ያለ ምርቃት ደፍ አትሻገር።”

“ስሜን ካልመለሽልኝ ውሃ አልለቅም” አላት።

“የምን ስም ነው አንተ?”

አያ ጫኔ ቀና አለ። “የማኅበሩ ዕለት እንግዶቹ ቤትሽ ሞልተው፣ አንዱ ‘እኚህ የተከበሩ ሰው ማን ናቸው?’ ብሎ ጠየቀሽ። አንቺ ምን አልሽ? ‘ተወው እሱን፣ የኔ ውታፍ ነቃይ ነው’ አልሽ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ብርሌዬን አስቀምጬ ወጣሁ። መውጣቴን እንኳ አላየሽም።”

አንጓች አፏን ያዘች። ውታፍ ነቃይ ማለት በሰው ደጅ ተላላኪ፣ ወሬ አቀባይ፣ ክብር የሌለው ማለት መሆኑን ማን ያጣዋል? ብላዋለች። ብላም ረስታዋለች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

“ለሳቅ ብዬ ነው እኮ አያ ጫኔ!”

“ሳቁን እንግዶችሽ ይዘውት ሄዱ፤ ለኔ የቀረልኝ ስሙ ነው። የውሃ አባት ስባል የኖርኩ ሰውዬ፣ አሁን በገበያ ሳልፍ ‘ውታፍ ነቃዩ መጣ’ ይሉኛል። እንግዲያው ስሙ ካልቀረልኝ ግብሩ ለምን ይቅርብኝ ብዬ በርሜልሽን ነቀልኩት። የኔን ቦይ ደግሞ ወተፍኩት።” ጫንቃውን ነካ አደረገ። “ጠጁ ሲፈስ ቆሜ አየሁት። ማሩን እኮ በዚህ ጫንቃዬ ነው ያመጣሁልሽ። ነፍሴ አልወደደችውም፣ እቴ አንጓች፤ ግን ነቀልኩት።”

አንጓች ልትቆጣ ከጅሏት ነበር። በልጇ ሠርግ ቀን ጠጇን ያፈሰሰ ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጧል! ግን ዓይኑን ስታየው ቁጣዋ ከየት እንደሚጀምር ጠፋት። “ይቅር በለኝ” አለችው።

“እዚህ ማን ይሰማሻል? በሰው ፊት የወሰድሽብኝን በሰው ፊት መልሺልኝ።”

አንጓች ወደ መንደሩ ወርዳ ቤት ለቤት ዞረች። “ሰዎች ሆይ፣ ቤቴ ተሰብሰቡልኝ። ጫኔ ያለ ስሙ ውሃ አይለቅም፤ ውሃ ያለ መንገድ አይፈስም፤ አበባ ያለ ውሃ አያብብም፤ ንብ ያለ አበባ ማር አይሰጥም፤ በርሜል ያለ ማር ጠጅ አይሰጥም፤ አባት ያለ ጠጅ አይመርቅም፤ ሙሽራ ያለ ምርቃት ደፍ አትሻገር።”

ሰዎቹስ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? “ጠጅ አለ?”

“የለም።”

“ታዲያ ጠጅ ቤት ያለ ጠጅ ምን ልንሠራ እንመጣለን? ጠጅ ካልቀዳሽልን አንሰበሰብም።”

ይኸውላችሁ! ሰው ያለ ጠጅ አይሰበሰብም፤ ጫኔ ያለ ሰው ስሙን አይቀበልም፤ ያለ ስሙ ውሃ አይለቅም፤ ውሃ ያለ መንገድ አይፈስም፤ አበባ ያለ ውሃ አያብብም፤ ንብ ያለ አበባ ማር አይሰጥም፤ በርሜል ያለ ማር ጠጅ አይሰጥም፤ ያለ ጠጅ ደግሞ ሰው አይሰበሰብም። እባቡ ጅራቱን ነከሰ። ግቢ ውስጥ ሚዜዎቹ ዘፍነው ዘፍነው ድምፃቸው ተዘግቷል፤ በቅሎዋ አጥሩን በልታ ጨርሳለች፤ ሙሽራው ቆሞ ጢም አበቀለ። ስመኝ ግን አሁንም ደፉ ላይ ናት፤ እናቷ ስታልፍ ዓይን ዓይኗን ታያለች። አንጓችን ከሁሉ የጎዳት የልጇ ዝምታ ነበር።

ቁጭ ብላ አሰበች። ሰው ወደኔ ካልመጣ እኔ ወደ ሰው መሄድ ማን ከለከለኝ? የከለከላት ኩራቷ ነበር። እሱንም ታውቀዋለች።

እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲወጣ፣ ወይዘሮ አንጓች ጫንቃዋ ላይ ድንጋይ ተሸክማ፣ ነጠላዋን አደግድጋ መጣች። ይቅርታ የሚለምን ሰው እንዲያ ነው የሚመጣው። አያ ጫኔም ከሕዝቡ መሀል ነበር። እንግዳ ስታሰናብት እንኳ አንገቷን የማትሰብር ሴት አያ ጫኔ ፊት ተንበረከከች።

“አያ ጫኔን ውታፍ ነቃይ ያልኩት እኔ ነኝ” አለች፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ። “ስትስቁ ሳቃችሁ ደስ አለኝ። እሱ ግን ባሌን የቀበረልኝ፣ በርሜሌን ያቆመልኝ፣ ውሃችሁን ያለ አድልዎ የሚያካፍላችሁ የውሃ አባት ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልመልሰው አልችልም፤ አያ ጫኔ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለኝ።”

አያ ጫኔ ፈጥኖ ድንጋዩን ከጫንቃዋ አወረደ። “ተነሺ እቴ፣ እኔን እኮ ከበደኝ” አላት። ቀጥሎ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ። ያንኑ ድንጋይ የራሱ ጫንቃ ላይ ጫነና እሷ በተነሣችበት ቦታ ተንበረከከ። “የሠርጉን ጠጅ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።”

አንጓችም እያለቀሰች አወረደችለት። አንዲት ድንጋይ ለሁለት ሰው አገለገለች። ዙሪያውን ከቆሙት ውስጥ ያን ዕለት የሳቁት መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

ከዚያ በኋላማ ምን ይቆማል! ጫኔ ስሙን ተቀበለ፤ ስሙን ተቀብሎ ውሃውን ለቀቀ፤ ውሃው ፈሶ ማገጡን አጠጣ፤ ማገጡ አብቦ ንቦቹን ጠራ፤ ንቦቹ ቀስመው ማር ሰጡ፤ አንጓች ማሩን በጥብጣ፣ ጌሾውን ጨምራ ለበርሜሉ ሰጠች፤ ለንቦቹም የክረምት ስንቃቸውን ተወችላቸው። በርሜሉ ጠጁን አፈላ፣ አበሰለ፤ አንጓች ውታፉን በገዛ እጇ ነቀለች፤ ጠጁም ወደ ብርሌው ወረደ። በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ብርሌውን ለአያ ጫኔ ሰጠችው።

“እኔስ?” አሉ አባባ እንየው ከመደባቸው። “ሽማግሌ በጥም ይሙት ነው የሚባለው?”

ለሳቸውም ተቀዳ። አባባ እንየው ጠጡ፤ አጣጣሙ፤ ከንፈራቸውን ጠርገው እጃቸውን ዘረጉ። “ውለጂ ክበጂ ልጄ። ቤትሽ በሰው ይሙላ፤ አፍሽ የሰው ስም አክባሪ ይሁን፤ የተጣላሽው ይታረቅሽ።”

“አሜን” አለ ግቢው።

አባት ጠጁን ጠጣ፤ አባት ሙሽራዋን መረቀ፤ ሙሽራዋ ደፉን ተሻገረች። በቅሎዋ ላይ ወጣች፤ ሚዜዎቹ በተረፈቻቸው ድምፅ ዘፈኑ፤ ግርግሩ በዳገቱ ዞረና ጠፋ።

አንጓች ደፉ ላይ ቀረች። ቤቱ ውስጥ ዘወር ብላ አየች፤ የስመኝ የዘወትር ቀሚስ አልጋው ራስ ላይ ተሰቅሏል።

“አያ ጫኔ፣ ይሄን ሁሉ ደጅ የጠናሁት ልጄን አሳልፌ ለመስጠት ነው ለካ” አለች።

“አዎ፣ እቴ” አላት አያ ጫኔ።

“ቀስ ብዬ እዞር ነበር እኮ። ባውቅ ኖሮ ቀስ ብዬ እዞር ነበር” ብላ ተንሰቀሰቀች። አያ ጫኔም ደፉ ላይ ከጎኗ ተቀመጠ።

ተረቴን ተረከቡኝ፤ ሸክሜን አቅልሉልኝ።